የበረራ ዋዜማ አልጋ በማን ይያዝ?

ሸማ ተራ ሱቅ ስላለኝ፣ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ የሚሄዱ የጎጃም ዘመዶቼ ማረፊያቸው መርካቶ ነው። የጉዞ ወኪሉ «አልጋውም፣ ቦሌ ማድረሱም በእኛ» ሲላቸው ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን ቪዛውን፣ ትኬቱንና የኢየሩሳሌሙን ማረፊያ ለወኪሉ ተዉለት፤ የአዲስ አበባውን አልጋ ራሳችሁ ያዙ ባይ ነኝ።

ትኬቱ «ማክሰኞ 02:00» ካለ፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው። ሦስት ሰዓት ቀድሞ ቦሌ ለመድረስ ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከመርካቶ መነሳት ነው። ታዲያ ለማያድሩበት ሌሊት ሙሉ ሂሳብ ምን በወጣቸው ይከፍላሉ? አውቶቡስ ተራ ዙሪያ ፔንሲዮን ሞልቷል፤ አንሶላውን ገልጦ፣ የቧንቧውን ውሃ ከፍቶ አይቶ መከራከር ይቻላል። ታክሲውም በስልክ ይጠራል።

አልጋውንም መጓጓዣውንም የያዘው የወኪሉ ጥቅል የሚያዋጣው፣ በረራው ቢዘገይ ወጪውን እንደሚሸፍን ወኪሉ በጽሑፍ ከፈረመ ብቻ ነው።