ስለ መዝገብ አያያዝ ሥርዓት አመራረጥ

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ ነገር ግን የተጻፈውም ቢሆን በተፈለገ ጊዜ ካልተገኘ ከተረሳው አይሻልም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ለባለይዞታው የማረጋገጫ ደብተር እንዲሰጠው አዘዘ። ይህ ደብተር በገበሬው እጅ ቢጠፋ ወይም ከቤቱ ጋር ቢቃጠል፥ ዋነኛው ምስክሩ በመሥሪያ ቤት የቀረው መዝገብ ነው።

ስለዚህ መዝገቡን በኮምፒዩተር ለማስቀመጥ የሚያስብ ሹም፥ የመሣሪያውን ውበትና የዋጋውን ማነስ ከማየቱ በፊት አራት ነገር ሊመረምር ይገባዋል። መጀመሪያ፥ ወረቀቱ በየስሙ፥ በየቀበሌውና በየዘመኑ ተለይቶ ቁጥር ማግኘቱን፤ የተዘበራረቀ ወረቀት ኮምፒዩተር ውስጥ ስለ ገባ ብቻ አይስተካከልምና። ሁለተኛ፥ ማን በምን ቀን እንደ ጻፈና እንደ ለወጠ ሥርዓቱ ራሱ የሚመዘግብ መሆኑን። ሦስተኛ፥ ግልባጩ በሌላ ስፍራ የሚቀመጥ መሆኑን። አራተኛ፥ ሻጩ ሥራውን ቢተው መዝገቡ ሳይጐድል ወደ ሌላ ሥርዓት ሊዛወር መቻሉን።

ይህ ያልተሟላለት መሥሪያ ቤት ግዢውን አቆይቶ፥ አስቀድሞ በእጅ የተጻፈ መልካም ማውጫ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል። መዝገብ ቢጠፋ በሹሙ ላይ የሚደርሰው ተግሣጽ ነው፤ በገበሬው ላይ የሚደርሰው ግን ከመሬቱ መነቀል ነው።