«ችግር ቢኖር ኮድ ይሰጥ ነበር»

«ኮምፒዩተሩ ምንም አላለም። መኪናህ ጤነኛ ነው።»

ይህን የነገረኝ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ጋራዥ «ዲያግኖስቲክ» የሚል የተጻፈበት ቱታ የለበሰ ወጣት ነው። የወሰድኩለት ሃይሉክስ ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ከፊት በግራ በኩል ኳ ኳ ይላል። ወደ ግቢው ስገባ ዘበኛው ሳይቀር ከወንበሩ ቀና ብሎ ጎማውን አይቷል። ባለሙያው ግን ድምፁን አልሰማም፤ ሊሰማም አልሞከረም። ጋቢና ገባ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ገመዱን ሰካ፣ መኪናውን አንድ ስንዝር ሳያንቀሳቅስ ታብሌቱን አየ፣ ወረደ፣ ፈረደ። «ድምፁስ?» ስለው ለማይገባው ሰው በሚሰጥ ትዕግሥት ፈገግ አለና «ችግር ቢኖር ኮድ ይሰጥ ነበር» አለኝ። ለዚህም ሒሳብ ተቀበለኝ።

ኮዱን የሚሰጠው ማን ይሆን? ቦልጆይንቱ? ቦልጆይንት ማለት ድቡልቡል ብረት፣ ማቀፊያ፣ ግራሶና ላስቲክ ነው። ሽቦ የለውም። የአርም ጎሚኒ ሽቦ የለውም። የስታቢላይዘር ማያያዣ ሽቦ የለውም። የመሪ ዘንግ ጫፍም ሽቦ የለውም። ሽቦ የሌለው ዕቃ ለኮምፒዩተር የሚልከው ወሬ የለም፤ ቢላላም፣ ቢበላም፣ ሊወልቅ አንድ ሐሙስ ቢቀረውም ታብሌቱ ላይ የሚወጣው ያው «ስሕተት አልተገኘም» ነው። ከፊት እግር ለኮምፒዩተር የሚናገር ነገር ከተባለ የጎማውን ዙር የሚቆጥረው የኤቢኤስ ሴንሰር ነው፤ እሱም ስለ ፍጥነት እንጂ ስለ ኳኳታ አያወራም። ጉልበቴን አመመኝ ብሎ የመጣን ሰው ዓይኑን መርምሮ «ደህና ነህ፣ ሩጥ» ከማለት ይህ በምን ይለያል?

ያቺ ከመሪ ሥር ያለች ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ እኮ መነሻዋ ጭስ ነው። የካሊፎርኒያ የአየር ብክለት ተቆጣጣሪዎች የመኪናው የጭስ መቆጣጠሪያ ሲበላሽ መኪናው ራሱ እንዲናገር ፈለጉ፤ ሥርዓቱ አድጎ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በመላ አሜሪካ በሚሸጡ የቤትና ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ ግዴታ ሆነ። ኢንጀክተር ሲታመም፣ የናፍጣ ግፊት ሲወርድ ይሰካ፣ እሰየው። መሣሪያው ያልተጠየቀውን አልመለሰም። ዝምታውን ወስደው የጤና ምስክር ወረቀት የሚያደርጉት ናቸው የሚያናድዱኝ።

የባሰም አለ። ገጠር ለገጠር ሲንከራተት የኖረ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ያለው ወዳጄ ለዚሁ ለፊት እግር ድምፅ ሄዶ «መጀመሪያ ኮምፒዩተር ይነበብ» ተባለ። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ነው፤ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ናፍጣውን በሜካኒካል ፓምፕ የሚረጭ። ምን ሊነበብ? ልጁ በስልኩ መብራት ከመሪው ሥር መሰኪያ ሲፈልግ ቆየና «የዚህ መኪና ኮምፒዩተር ተነቅሏል» አለ። ወዳጄ ደንግጦ ማን እንደነቀለበት ያጠያይቅ ጀመር።

ከ«ጤነኛ ነው» ቀጥሎ የሚመጣው ፍርድ ደግሞ ይለያል። ድምፁ አለ ብዬ ስጸና ባለ ታብሌቱ ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ሙሉ እግሩን እንቀይረው» አለ። ልብ አድርጉ፤ አሁን ጤነኛ የነበረው መኪና ነው በአንድ ጊዜ ሙሉ እግሩ የሚቀየረው። በወረቀትም ዘረዘረልኝ፦ ላይኛውና ታችኛው ቦልጆይንት በግራም በቀኝም፣ የአርም ጎሚኒ በሙሉ፣ የስታቢላይዘር ማያያዣ፣ ሾክ አብዞርበር፣ «ከተከፈተ አይቀር» ደግሞ ኩሽኔታ። በዚህች «ከተከፈተ አይቀር» የስንቱ ኪስ ተከፍቶ ቀርቷል! የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት በ2016 ከታገደ ወዲህ ብዙ ሰው ያለውን መኪና ጠግኖ መኖር ግድ ሆኖበታል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ሶማሌ ተራ ገብቶ የመለዋወጫ ዋጋ የጠየቀ ሰው ራሱን ይዞ ነው የሚወጣው። በዚህ ጊዜ የላላውን ዕቃ ሳይነኩ የዕቃ ዝርዝር መጻፍ በሰው ገንዘብ ቁማር መጫወት ነው። አንዱ ላይ ማረፉ አይቀርማ! ድምፁ ሲጠፋም «አላልኩህም?» ይባላል። የትኛው ዕቃ እንዳጠፋው ግን እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።

የእግር ሥራ የሚያውቁ ሰዎች (አሉ፤ ባነር ስለማይሰቅሉ ነው የማይታዩት) መጀመሪያ የሚጠይቁት «መቼ ነው የሚጮኸው?» ብለው ነው። ጉድጓድ ሲገባ? ሲታጠፍ? ፍሬን ሲያዝ? ፍሬን ትንሽ ሲነካ የሚጠፋ መንገጫገጭ ወደ ፍሬን ሸራው ይመራል። ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ እምምታ ወደ ግራ ሲታጠፉ የሚብስ ከሆነ ክብደት የተጫነበት የቀኙ ጎማ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ፎር ባይ ፎር ገብቶ መሪው እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ ካለ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መጋጠሚያ ተበልቷል። ማርሽ ከፊት ወደ ኋላ ሲቀየር ጓ የሚል ከሆነ ክሮቼራው ይታይ።

ከዚያ ክሪክ ይመጣል፤ ብዙው ሰው የሚስተውም እዚህ ነው። ሞላው ታችኛው አርም ላይ ባረፈ መኪና፣ የእኔን ሃይሉክስ ጨምሮ፣ ክሪኩን ሻንሲው ሥር አስገብተህ ብታነሳ እግሩ ይንጠለጠልና መጋጠሚያው ይወጠራል፤ የላላውም ጠበቅ ያለ መስሎ ያታልልሃል። ክሪኩ የሚገባው ታችኛው አርም ሥር፣ ወደ ጎማው ጠጋ ብሎ ነው። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ። ከተነቃነቀ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ፤ ሲረገጥ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ወደ ቦልጆይንቱ ነው ዓይንን መጣል። ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ ብቻ የሚላላ ከሆነ የመሪ ዘንጎቹ ጫፎች ይፈተሹ። የጎማው መሐል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ያለው ላንድክሩዘር ከሆነማ ሥራው ይቀላል፦ ሁለቱንም «ፍሪ» ላይ አድርጎ፣ ማርሹን ኤች 2 ላይ ትቶ መንዳት። የፊት ዲፈረንሻሉና ዘንጎቹ መዞር ያቆማሉ። ድምፁ አብሮ ካቆመ የጎማው ኩሽኔታ ከደሙ ንጹሕ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን የፈጀው ኤሌክትሪክ የለም።

የእኔን ኳኳታ ያገኙት ሰው ታብሌት የላቸውም። «በቀስታ ንዳ፣ እኔ በእግሬ እከተልሃለሁ» አሉኝና መዳፋቸውን የጭቃ መከላከያው ላይ አሳርፈው ከጎማው ጎን ጎን ኮብልስቶኑ ላይ ተራመዱ። ጥቂት እንደሄድን በመዳፋቸው ቸብ አድርገው አስቆሙኝ። የስታቢላይዘሩን ማያያዣዎች ከሁለቱም በኩል ፈቱ፣ ዘንጉን ምንም እንዳይነካ በሽቦ አሰሩት፣ እንደገና አስነዱኝ። ጸጥ። የግራውን ማያያዣ እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ አናቱ በራሱ ጊዜ ወዲህና ወዲያ ይወድቃል። ከዚያ ሁሉ ዝርዝር ርካሹ ዕቃ እሱ ነበር። «ጋሼ፣ ሌላውስ?» ብላቸው «ሌላው ምን አደረገህ?» አሉኝ።

ለነገሩ ገበያውን ያሞቅነው እኛው ባለመኪናዎች ነን። እጁ ግራሶ የነካ ሰው ሲናገር እንከራከራለን፣ ዋጋ እናስቀንሳለን፤ ከስክሪን የወጣውን ግን አሜን ብለን እንከፍላለን። ለመስማትም ቢሆን ሰነፍ ነን። ገጠር ጭቃ ላይ ያስገባውን ኤች 4 ሳያወጣ ደረቅ አስፋልት ላይ የሚነዳ ስንት ሹፌር አለ! በእነዚህ ፒካፖች ላይ ፊትና ኋላውን የሚያስማማ የመሐል ዲፈረንሻል የለም፤ ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ፣ ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ የሚያስታርቀው ጉዳይ አስፋልት ላይ ወደ ዘንግና ጥርስ ይሄዳል። መኪናው ይተናነቃል፣ ይዘላል፣ ጓ ይላል። ሹፌሩ «ፊቱ ይጮኻል» ብሎ ጋራዥ ይገባል። ማርሹን ተመልሶ ወደ ኤች 2 ማድረግ በነፃ ነው፤ ግን ኮድ ስለማይሰጥ ማንም አይነግረውም።

ሙሉ እግሩን ያስቀየረስ? ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድምፁ ሲመለስበት «ዕቃው ቻይና ስለሆነ ነው» ይባላል። ሊሆን ይችላል፤ ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ ሞልቷል። እኔ ግን ሲገጠም ቆሜ አይቻለሁ። የአርም ጎሚኒ ላስቲኩ ከውስጥና ከውጭ ብረቱ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ የሚሠራውም እየተጠማዘዘ ነው። ስለዚህ ቡሎኑ መጀመሪያ በልቅ ይገባል፣ መኪናው ይወርዳል፣ ክብደቱ ጎማው ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ነው መጨረሻው የሚጠብቀው። መኪናው ክሪክ ላይ ተሰቅሎ፣ እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ግን፣ ወደ መሬት በወረደባት ቅጽበት ላስቲኩ ይጠመዘዛል፤ እንደተጠመዘዘም ይኖራል፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ይብስበታል፣ ይቀደዳል። የምላችሁ ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ጎሚኒ የጠበቀው አየር ላይ ነው፣ ያውም እስኪያቃስት። ልጁ ቡሎኑን ሲጨርስ ለማረጋገጥ ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጋቢና ገብቶ ገመዱን ሰካ። ኮምፒዩተሩ አሁንም ምንም አላለም። ጎማው መሬት ሳይነካ ቡሎኑን ያጠበቀው እጅ ደግሞ ከቻይና የመጣ አልነበረም።