የመንግሥት ት/ቤት ገንዘብ በምን ይቆጠባል?

 

የመንግሥት ት/ቤት ገንዘብ የድሃ ልጅ ገንዘብ ነው። ያለው ሰው ልጁን ወደ ግል ት/ቤት ይልካል፤ የሌለው ግን ያችን የሰፈሩን ት/ቤት ይዞ ይኖራል። በመሆኑም እዚያ የሚባክን እያንዳንዱ ብር ከአንድ ልጅ መጽሐፍ ወይም መቀመጫ ላይ የተቀነሰ ነው። ገንዘቡ አማና ነውና አወጣጡን መመርመር የሁላችንም ድርሻ ይሆናል።

ስለ ኮምፒውተር በተነሳ ቁጥር የምንሰማው «ርካሽ ዕቃ መጥቷል» የሚል ወሬ ነው። እውነትም መጥቷል። ራስበሪ ፓይ የተባለችው፣ የኪስ መታወቂያ የምታክል ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ስትቀርብ ዋጋዋ 35 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ ስክሪኑና የመጻፊያ ሰሌዳው ለብቻ ይገዛሉ። ለመሆኑ የዕቃው መርከስ ብቻውን ት/ቤትን ከወጪ ያድናልን?

የፔሩ ልምድ

እ.ኤ.አ. በ2005 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚል እቅድ ለዓለም ተነገረ። የታሰበው ዋጋ 100 ዶላር ነበር፤ ዕቃው ሲወጣ ግን ወደ 200 ዶላር ተጠጋ። ከማንም አገር በላይ የገዛችው የደቡብ አሜሪካዋ ፔሩ ስትሆን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖችን አከፋፈለች። በ2012 የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 የገጠር ት/ቤቶች ያደረጉትን ጥናት ይፋ አደረጉ። ላፕቶፑ የደረሳቸው ልጆች በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ካልደረሳቸው አልበለጡም ነበር። ኢንተርኔት በአብዛኞቹ ት/ቤቶች አልነበረም፤ መምህራኑም መሣሪያውን ከትምህርቱ ጋር የሚያዋህዱበት በቂ ሥልጠና አላገኙም። ዕቃው ረክሶ ሳለ ወጪው ተወደደ ማለት ይህ ነው።

የኬረላ መንገድ

በደቡብ ምዕራብ ሕንድ የምትገኘው ኬረላ ደግሞ ሌላ መንገድ መርጣለች። ለመንግሥት ት/ቤቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም የዘረጋችው በ2001 ነው። መጀመሪያ ላይ የትምህርቱ መጽሐፍ የተመሠረተው በሚሸጠው በዊንዶውስ ላይ ነበር። መምህራንና የነፃ ሶፍትዌር ደጋፊዎች ግን «የሕዝብ ት/ቤት የአንድ ኩባንያ ዕቃ ማስተማሪያ ለምን ይሆናል?» ብለው ተከራከሩ። በዚሁ ምክንያት ት/ቤቶቹ ቀስ በቀስ ወደ ሊኑክስ ተሸጋገሩ። ሊኑክስ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት፣ እንዲቀዳውና እንዲያሻሽለው በሕግ የተፈቀደ ሥርዓት ነው። አንድ ቅጂ ካለ ለሺህ ኮምፒውተር ይበቃል፤ በአገሬው በማላያላም ቋንቋም ይሠራል።

በ2019 ሥራውን የሚመራው መሥሪያ ቤት ከ200,000 በላይ ለሆኑ የት/ቤት ኮምፒውተሮች አዲሱን ሥርዓት ሲያሰራጭ 30 ቢሊዮን ሩፒ መዳኑን ገልጿል። ስሌቱ ለአንድ ኮምፒውተር የሚከፈለውን የሶፍትዌር ፈቃድ 150,000 ሩፒ አድርጎ የወሰደ ነው። እኛ ይህን ቁጥር እንዳለ አንወስደውም፤ ያን ሁሉ ፕሮግራም በሙሉ ዋጋው የሚገዛ ት/ቤት አይገኝምና። ይሁንና አንድ አሥረኛውን ብቻ እንኳ ብንይዝ 3 ቢሊዮን ሩፒ ይሆናል። ይህም ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተን ግን ሌላው ሥራቸው ነው። መምህራንን ያሠለጠኑት ከመካከላቸው የተመረጡ መምህራን ናቸው። ዕቃ ሲገዙ በጅምላ፣ ከአምስት ዓመት ዋስትና ጋር ገዙ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በየት/ቤቱ የተማሪዎች ክበብ አቋቁመው ልጆቹ ራሳቸው መሣሪያውን እንዲንከባከቡ አደረጉ።

ወደ እኛ ስንመለስ

«እኛ መች ለዊንዶውስ ከፍለን እናውቃለን? ሱቅ ወስደን እናስጭናለን እንጂ» የሚል ወጣት አይጠፋም። ያለ ፈቃድ የተቀዳ ሶፍትዌር ግን ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያም በላይ የሰው ሐቅ አለበት። ልጆቻችንን ሐቀኝነት በምናስተምርበት ቤት ውስጥ ያልተፈቀደ ዕቃ አስቀምጠን እንዴት እናስተምራቸዋለን? የተፈቀደው በነፃ እያለ ወደዚያ የሚያስኬደን ነገር የለም።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋ ነበር፤ ፕላዝማው ሲበላሽም የሚጠግነው ሰው በቅርብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ በየት/ቤቱ ያላችሁ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት ዕቃ ከመገዛቱ በፊት አራት ጥያቄዎችን አንሡ፦

አንደኛ፦ በየዓመቱ የሚከፈል የሶፍትዌር ክፍያ አለበትን?

ሁለተኛ፦ ሲበላሽ በአካባቢያችን ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫውስ ይገኛልን?

ሦስተኛ፦ ኢንተርኔት በሌለበት ይሠራልን? ኪዊክስና ኮሊብሪ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ንባብና ትምህርት አንድ ጊዜ ከተጫነባቸው በኋላ ያለ ኢንተርኔት ያገለግላሉ። አንድ ኮምፒውተር ለሙሉ ክፍል ማከፋፈልም ይችላል።

አራተኛ፦ መምህራኑ ዕቃው ከመድረሱ በፊት ይሠለጥናሉን?

አዲስ መግዛትም ሁልጊዜ ግድ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር የማይችሉ በርካታ ደህና ኮምፒውተሮች በዚህ የተነሳ ከየቢሮው ይወጣሉ፤ ሊኑክስ ሲጫንባቸው ግን አብዛኞቹ ገና ዓመታት ያገለግላሉ። በዓረብ አገርና በአሜሪካ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ለት/ቤት ዕቃ ለመላክ ስታስቡ ይህን አትርሱ። የምትልኩትንም አስቀድማችሁ ፈትሹ፤ ቻርጀር የሌለውና ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ለት/ቤቱ ሸክም ነው።

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ኮምፒውተሩም ጥምጣም እንዳይሆንብን ከዕቃው በፊት ሰውን እናዘጋጅ። ከሠለጠነ መምህር እጅ አሮጌውም ዕቃ ይሠራል፤ ካልሠለጠነ እጅ ግን አዲሱም ተቆልፎበት አቧራ ይለብሳል።