ድንኳኑን ሰው ሳይሞት እንትከለው

በአዲስ አበባ ሥነ ጽሑፍ የታወቀ አድራሻ አለው። ግጥም መስማት ያማረው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፦ ብሔራዊ ቴአትር፣ ወመዘክር፣ ሀገር ፍቅር፣ አሁን ደግሞ አብርሆት፣ ካልሆነም ከመሀል ከተማ ሆቴሎች የአንዱ አዳራሽ። ጦቢያ ግጥም በጃዝ ለዓመታት በየወሩ ሰው ሲሰበስብ የነበረው ራስ ሆቴል ነው። መጽሐፍ ሲመረቅ፣ ደራሲ ሲዘከር፣ «የፈጠራ ጽሑፍ ሥልጠና» ሲሰጥ ማስታወቂያው ላይ የሚሰፍረው ቦታ ከእነዚህ ብዙም አይርቅም። ቦታዎቹን ካርታ ላይ ነጥብ እያደረጋችሁ ብታስቀምጧቸው ከ4 ኪሎ እስከ ስታዲየም ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ይከማቻሉ። ከጦር ኃይሎች ወዲያ፣ ወደ ምዕራብ፣ አንድ ነጥብ ለማግኘት ትደክማላችሁ።

ሰው ስለሌለ ነው እንዳይባል፣ ኮልፌ ቀራንዮ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ400 ሺህ በላይ ነዋሪ የተቆጠረበት፣ በሕዝብ ብዛት ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች የሚቀድመው የሌለ ክፍለ ከተማ ነበር። አጠና ተራ፣ እፎይታ ገበያ፣ ቤቴል፣ አየር ጤና፣ ዓለም ባንክ፣ ካራ ቆሬ እያላችሁ ስትቆጥሩ ራሱን የቻለ ትልቅ ከተማ ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ግጥም ቢያምረው ታክሲ ይሳፈር ነው የተባለው። ባቡሩ እንኳን ከአያት ተነሥቶ ከተማዋን ካቋረጠ በኋላ ጦር ኃይሎች ሲደርስ «እስከዚህ ነው» ብሎ ይቆማል።

እስቲ የአንድ ምሽት ሒሳብ እንሥራ። ፕሮግራሙ 11 ሰዓት ይጀምራል ይባላል፤ 12 ሰዓት ይጀምራል። የክብር እንግዳው ይናገራሉ፣ ስፖንሰሩ ይመሰገናል፣ ግጥሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጥሩው ገጣሚ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የዓለም ባንክ ልጅ ሰልፍ ላይ ቆማ ታክሲ ትጠብቃለች፤ ቤት ደግሞ እናቷ በር በሩን እያዩ ይጠብቋታል። በሁለተኛው ወር «ይቅርብኝ» ትላለች። የቀን ሠራተኛው መጀመሪያውኑ አልመጣም። የሱቅ ጠባቂው ሱቁን ለማን ጥሎ ይምጣ? የደረሱትም ቢሆኑ ሆቴሉ ውስጥ አንድ ሻይ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ተጨምሮበት ሲመጣላቸው በፉት በፉት እያሉ ሁለት ሰዓት ያቆዩታል። ከዚያ በኋላ «ወጣቱ አያነብም፣ ሕዝቡ ለኪነ ጥበብ ግድ የለውም» የሚል ንግግር እንሰማለን። ግድ የሌለው ማን ነው? ሁለት ታክሲ ይዞ የመጣው ነው ወይስ አንድም ቀን ወደ እሱ ያልሄደው?

ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ግን የመጻፍ ጉዳይ ነው። ሰው ጸሐፊ የሚሆነው መጽሐፍ በማንበብ ብቻ አይደለም፤ የጻፈውን ሌላ ሰው ፊት አንብቦ፣ ተስቆበት፣ ተጨብጭቦለት፣ «ይቺ መስመር አልገባችኝም» ተብሎ ነው። ይህ የሚሆንበት ክፍል ያለው ሰፈር ጸሐፊ ያወጣል። የሌለው ሰፈር ሌሎች እስኪጽፉለት ይጠብቃል።

ኮልፌ እየጠበቀ ያለው እንዲህ ነው። የውጭ አንባቢ የኮልፌን ስም ካነበበ ያነበበው ምናልባት በኔልሰን ማንዴላ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ጦር ሠፈር ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሳያልቅ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ እንደተመለሱም ብዙ ሳይቆዩ ተያዙ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ኮልፌን በስሟ ጠርተው ጽፈውላታል። መልካም፣ እንኮራበታለን። ግን ጥቂት ሳምንታት የሰነበቱ እንግዳ የጻፉላትን ያህል፣ ተወልደው ያረጁባት ስንቶቹ ጽፈውላታል? ልብ ወለዶቻችን የፒያሳን ካፌና የመርካቶን ግርግር በደንብ ያውቃሉ። የከተማዋ የጭቃ ቤት የቆመበት አጠና የሚሸጥበት አጠና ተራ ግን የታክሲ ፌርማታ ሆኖ ቀረ።

«አዳራሽ የለማ!» የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል። አልቀበለውም። በዚህ ሰፈር ሰው ለመሰብሰብ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ አለ፤ ባለቤቱም እድር ነው። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ጎላ ድስት፣ ሰሃን፣ ጆግ፣ ብርጭቆ አለው። አንዳንዱማ የራሱ ቤትና ግቢ አለው። ስም ዝርዝር አለው፣ ጥሩምባ ነፊ አለው፣ የማይመጣ የሚቀጣበት ደንብ አለው። የትኛው የኪነ ጥበብ ማኅበር ነው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ሰብስቦ፣ አስቀምጦ፣ አብልቶ የሚሸኝ? እድር ይህን የሚያደርገው ግን ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ለዳኛው «ጋሼ፣ ወንበሮቹን ለቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ለልጆቹ ግጥም ንባብ ቢሰጡን?» ብትሏቸው፣ «ልጄ፣ የእድር ዕቃ ለጨዋታ አይወጣም» ይሏችኋል። ዕቃው በመዋጮ የተገዛ ነው፣ ቢሰበር ይጠየቁበታል፤ ስጋታቸው ይገባኛል። ግን በመዋጯችን የተገዛ ወንበር ላይ በሕይወት ሳለን የማንቀመጥበት ምክንያት አይገባኝም።

እድር ብቻ አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ነው። የወረዳ አዳራሽ አለ፤ ለስብሰባ ይከፈታል፣ ከስብሰባ በኋላ ይቆለፋል። በኮንዶሚኒየም ግቢዎች ነዋሪው ለሠርጉና ለለቅሶው አብሮ እንዲያበስል፣ እንዲያርድና እንዲያጥብ ታስቦ የጋራ ሕንፃ በዲዛይኑ ውስጥ ገብቷል። ክፍል ሞልቷል፤ የጠፋው ከፋች ነው።

ምግቡንም አብረን እናንሳው፤ ምክንያቱም በዚህ ከተማ ምግብና ጥበብ ተጣልተዋል። ባዛርና «የምግብ ፌስቲቫል» ሲዘጋጅ ዘፈኑ የሚመጣው ሻጩን ለማድመቅ ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ሲዘጋጅ ደግሞ ምግቡ የሆቴሉ ገቢ ነው። ኮልፌ ግን የጉራጌና የስልጤ ቤተሰብ፣ የዶርዜውና የኦሮሞው፣ የአማራው ሁሉ ማዕድ ያለበት ሰፈር ነው። ለመስቀል ግማሹ፣ ለአረፋ ሌላው ግማሽ አገሩ ይገባና መንገዱ ጭር ይላል። እነዚህ ሰዎች ቤት ውስጥ ያለው የምግብ ቋንቋ ብቻ አንድ የጽሑፍ ክፍል ለዓመት ያስተምራል። ክትፎውን «ለብለብ» እና «ጥሬ» በሚሉት ቃላት መሀል ያለውን ልዩነት ጻፉ በሏቸው። ቆጮው እንዴት እንደሚፋቅ፣ እንደሚቀበርና እንደሚጋገር፣ ቅቤው በምን በምን እንደሚነጠር፣ ጣባው ለምን የሸክላ እንደሆነ እናታችሁን ጠይቃችሁ፣ እሷ ባለችው ቃል ጽፋችሁ ኑ በሏቸው። እማማ እዚያው ጀበናቸውን ጥደው ተቀምጠው «እንዲያ አላልኩም» ብለው ያርሙ። ከዚህ የተሻለ የአርትዖት ትምህርት በየትኛው ሆቴል ይሰጣል?

አንድ ከባድ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከትልልቆቹ ነው የሚመጣው። «ይሄንን አይተነዋል፣ የቀበሌ ኪነት ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት ቡድን የታዘዘውን ይዘምር ነበር፤ ጥበብ ወደ ሰፈር የወረደው መፈክር ተሸክሞ ነው። ያንን የሚመኝ የለም። ነገር ግን ስንቱ ድምፃዊና ተዋናይ መጀመሪያ ማይክራፎን የጨበጠው እዚያ መድረክ ላይ እንደነበር እነሱ ራሳቸው ይናገራሉ። መፈክሩ ሲጣል መድረኩም አብሮ ተጣለ፤ ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም አስታውሱ። ዩኔስኮ የሸለመው ያ ዘመቻ ፊደል ያስቆጠረው ሕዝቡ በነበረበት ቦታ ሄዶ ነው፤ ዛፍ ሥርም ቢሆን ተምሯል። ማንበብን እዚህ ድረስ አምጥተን፣ መጻፍን ግን ፒያሳ ድረስ መጥታችሁ ተማሩ ማለት ምን ይሉታል?

ሌላው ተቃውሞ በሹክሹክታ ነው የሚነገረው፦ «ደረጃው ይወርዳል፣ የሰፈር ግጥም ይሆናል።» ይህን ለሚሉ ፍቅር እስከ መቃብርን አስታውሳቸዋለሁ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ዘንድ የገባው ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። ሰው ሥራውን ሳይተው፣ ሽሮውን እያማሰለ፣ ጥለቱን እየሸመነ ሰማው። የመጽሐፉ ደረጃ በዚህ ወረደ? እንዲያውም ሰብለ ወንጌል የጎረቤት ልጅ ሆነች። ጥሩ ሥራ ሰው ወዳለበት ሲሄድ አያንስም፤ መጥፎ ሥራ ደግሞ በቬልቬት መጋረጃ አይድንም።

መሀሉም ቢሆን እንደነበረ አልቀረም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ያየ ሰው፣ ነዋሪዋ ወደ ከተማዋ ዳርና ዳር እንደተሸኘ ያውቃል። አንባቢው ወጥቷል፤ አድራሻው ብቻ እዚያው ቀርቷል። ሥነ ጽሑፋችን አንባቢውን ተከትሎ ካልሄደ፣ ነገ የሚያነበው ለፓርኪንግ ጥበቃው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የሥነ ጽሑፍ ምሽት አዘጋጆች ሆይ፣ በዓመት ከምታዘጋጁት 12 ፕሮግራም 3ቱን ከቀለበት መንገድ ወዲያ አድርጉ፤ ሰዓቱንም ከቀኑ 9 ሰዓት አድርጉትና ሴቶቹ ፀሐይ ሳለች ይግቡ። ደራሲያን ሆይ፣ እኛ 2 ታክሲ ይዘን መጥተንላችኋል፣ አንድ ቀን ደግሞ እናንተ ያዙ። ክፍለ ከተማው ባነር አያሠራልን፣ ንግግርም አያድርግልን፤ የአዳራሹን ቁልፍ ቅዳሜ ከሰዓት ይስጠን፣ የምናነበውንም አስቀድሞ ልይ አይበለን።

የሰፈሬ ሰዎች ግን ማንንም መጠበቅ የለባችሁም። የእድር ስብሰባ በየወሩ አለ። መዋጮውን ስትከፍሉ እጃችሁን አውጡና አጀንዳ አስይዙ፦ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ሃምሳ ወንበር፣ አንድ ጀበና፣ ለሚሰበር ብርጭቆ ተጠያቂ የሚሆኑ ሦስት ሰዎች። ዳኛው መጀመሪያ እምቢ ይላሉ። በሚቀጥለው ወር ደግማችሁ አንሱት።