ልጓም የሌለው ሸንጎ

ፈረስ ያለ ልጓም ሮጦ ሰው ቢረግጥ ጥፋቱ የፈረሱ ብቻ ነውን? ወይስ ልጓሙን ያወለቀውም፥ በላዩም የተቀመጠው ይጠየቃሉ? ይህን ጥያቄ የማነሣው በሌላ ሰው ለመፍረድ አይደለም። እኔ ራሴ ከረጋጮቹ አንዱ ስለ ሆንሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአርባ ምንጭ፥ ሴቻ በሚገኘው ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ በስልኬ አንድ ፎቶግራፍ መጣልኝ። እስከ ጣሪያ የተከመረ እህል ይታይበታል፤ ከሥሩም «ሕዝብ ሲራብ እህል የሚደብቀው ነጋዴ ይኸውላችሁ» የሚል ጽሕፈትና የአንድ ጎረቤቴ ስም ነበረበት። ይህ ሰው በእድር አብሮኝ ያለ፥ በሐዘኔ ቀን ቃሬዛ የተሸከመልኝ ነው። ቤቱም ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። ተነሥቼ ሄጄ ብጠይቀው ምን ነበረበት? እኔ ግን ተናደድሁና በአውራ ጣቴ ሼር የሚለውን ነካሁ።

ሦስት ቀን ሳይሞላ ፎቶግራፉ የሌላ አገር መጋዘን መሆኑ ታወቀ። እስከዚያው ግን ልጆቹ የሌባ ልጆች ተብለው ተሰድበዋል። ይቅርታ ልጠይቀው ብሄድ አንድ ቃል ብቻ ተናገረኝ፤ «ጋሼ፥ እርስዎም?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ቁልፍ ከጣቴ ሥር እንዴት እንደ ገባ መመርመር ጀመርሁ።

ፌስቡክ በጥር 1996 ዓ.ም. የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ማርክ ዙከርበርግ ከጓደኞቹ ጋር ሲጀምረው የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች መተዋወቂያ መዝገብ ነበር። ያን ጊዜ የሌላውን ነገር ለማወቅ የሚሻ ሰው ወደዚያ ሰው ገጽ ራሱ መሄድ ነበረበት። ይህ የጎረቤትን ደጅ እንደ ማንኳኳት ያለ ነገር ነው። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ግን ኒውስ ፊድ የተባለው መጣ። ከዚያ ወዲህ ሰው ወደ ወሬ መሄዱ ቀርቶ ወሬ ወደ ሰው ይጎርፍ ጀመር። ተጠቃሚዎቹ በብዛት ተቃወሙ፤ መሥራቹም ይቅርታ ጠይቆ ጥቂት መቆጣጠሪያ ጨመረ፤ ነገሩ ግን ባለበት ጸና። በመስከረም 1999 ዓ.ም. ዐሥራ ሦስት ዓመት ለሞላው ሁሉ በሩ ተከፈተ። በየካቲት 2001 ዓ.ም. ላይክ ተጨመረና ሰው ሐሳቡን በቃል መግለጹ ቀርቶ በጣት መንካት በቃው። በየካቲት 2008 ዓ.ም. ደግሞ ፍቅር፥ ሣቅ፥ መደነቅ፥ ሐዘንና ቁጣ ምልክት ተበጀላቸው። ብዙም ሳይቆይ፥ ማሽኑ የትኛውን ጽሕፈት አስቀድሞ እንደሚያሳይ ሲመዝን ፍቅርም ቁጣም ሳይለይ እያንዳንዱን ምልክት እንደ አምስት ላይክ ይቈጥር ጀመር፤ ይህንንም በ2014 ዓ.ም. ከኩባንያው ውስጥ የወጡ ሰነዶች ገለጡት። የቁጣው ዋጋ ወደ ባዶ የወረደው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

እንግዲህ አስተውሉ። በየጊዜው አንድ ነገር በተጨመረ ቁጥር አንድ ነገር ይቀነስ ነበር። መጀመሪያ እርምጃ ቀረ፤ ቀጥሎ ቃል ቀረ፤ በመጨረሻም ማሰብ ቀረ። እነዚህ ሦስቱ የአንደበት ልጓሞች ነበሩ።

የጋሞ አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። በዱቡሻ ነገር የሚጀመረው በምርቃት ነው፤ ተናጋሪው በተራው ይነሣል፤ የሚከሰው ሰው ፊቱን ያየዋል፤ ነገሩም እስኪስማሙበት ድረስ ይመላለሳል። ችኩል ሰው ይህን ሁሉ ጊዜ ማባከን ይለዋል። እኔ ግን ጠብ የሚበርድበት ጊዜ እለዋለሁ።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ጥቃት ከጋሞ ወገን ብዙዎች ሲሞቱና ሲፈናቀሉ፥ የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል ተነሥቶ ነበር። ሽማግሎች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የሚለምንን ሽማግሌ ተራምዶ ማለፍ በጋሞ ዘንድ ነውር ነውና ወጣቱ ተመለሰ። እርግጥ ነው፥ የዚያ ልመና ፎቶግራፍ በዚያው በፌስቡክ ዞሮ ብዙ ምስጋና አግኝቷል። ወጣቱን የመለሰው ግን ፎቶግራፉ አይደለም፤ በመንገድ ላይ ያረፈው ጉልበት ነው።

አንዳንዶች «መሣሪያው ምን በደለ? ቢላዋ እንጀራም ይቈርሳል፥ ሰውም ይወጋል» ይሉኛል። እኔም እመልሳለሁ፤ የወጋበትን ሰው ቈጥሮ አምስት እጥፍ የሚያከብር ቢላዋ የት አይታችኋል? ሌሎች ደግሞ በጥንቱ ዱቡሻ ሴቶችና ሸክላ ሠሪዎች እንደ ልብ የመናገር ፈንታ እንዳልነበራቸው፥ ዛሬ ግን ስልክ የያዘ ሁሉ እንደሚናገር ያስታውሱኛል። ይህ እውነት ነው፤ እኔም አልክደውም። ነገር ግን በሩ ጠበበ ተብሎ ይሰፋል እንጂ ግድግዳው ሁሉ አይፈርስም። ሁሉ ይናገር፤ ነገር ግን ሁሉ ፊት ለፊት ይጠየቅ።

ኩባንያው ለሠራው ነገር መጠየቅ አለበት። ይህ ግን የእኛን ዕዳ አይሰርዝም። ያን ቁልፍ የሠራው ሰው ባሕር ማዶ ነበር፤ የነካው ጣት ግን የእኔ ነው። ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ለእናንተም እመክራለሁ። ስለምታውቁት ሰው ክፉ ነገር በስልካችሁ ሲደርሳችሁ አስቀድማችሁ ወደ ደጁ ሂዱ። ደጁ ሩቅ ከሆነ፥ ከሚያውቀው ጠይቁ። ሁለቱንም ካልቻላችሁ ዝም በሉ።

ጎረቤቴ ይቅር ብሎኛል፤ ዛሬም በእድር ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ግን፥ ያን ፎቶግራፍ ከሰው ስልክ ሁሉ ለቅሜ ላመጣለት እስከ ዛሬ አልቻልሁም።