ሜዳ ለማደር ስትወጡ

ድንኳን ይዘው ሜዳ ማደር የሚያስቡ ቤተሰቦች «እንጨት ለቅሞ እሳት ማንደድም እዚህ ያስቀጣል ወይ?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አገር ቤት ሦስት ጉልቻ ባገኘንበት እናነድ ነበር። እዚህ ግን አገሩ ጠባብ፣ በጋው ረጅምና ደረቅ ነው። በዲሴምበር 2010 በካርሜል ተራራ የተነሣው እሳት 44 ሰዎች ገድሏል።

ስለዚህ «ሽሙራት ቴቫ» በሚባለው የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ማደርም ሆነ እሳት ማንደድ የሚቻለው በተፈቀደው ቦታ ብቻ ነው። እንጨቱን ከቤት ያዙ። ስትነሡ እሳቱን አፈር አልብሳችሁ አትሂዱ። እናቶቻችን እሳት በአመድ ዳፍነው ለጠዋት እንደሚያሳድሩ፣ አፈር የለበሰ ፍምም ሳይጠፋ ያድራል። ውሃ አፍስሱበት፣ አገላብጡት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

ቆሻሻችሁን ሁሉ፣ የሽንት ቤት ወረቀትም ሳይቀር፣ በከረጢት ይዛችሁ ተመለሱ። በከተማችን ደቡብ የሚያብበው ጥቁር ሐምራዊ አይሪስ በሕግ የተጠበቀ ነውና፣ ልጆች ለእናታቸው ብለው እንኳ እንዳይቀጥፉት ንገሯቸው።

የሚዛመት እሳት ካያችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ራቁና ወደ 102 ደውሉ። ከሁሉ በፊት የቦታውን ስም ተናገሩ።