የኦንላይን ዲግሪና የዩኒቨርሲቲ ደጅ

አትላንታ የሚገኘው ጆርጂያ ቴክ በጥር 2014 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርሱን በኦንላይን መስጠት ሲጀምር ጠቅላላ ክፍያውን ከ7 ሺህ ዶላር በታች አደረገው። ከሌላ ግዛት መጥቶ ግቢ ውስጥ የሚማር ተማሪ ለዚያው ዲግሪ ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ይከፍል ነበር። ምስክር ወረቀቱ ላይ «ኦንላይን» የሚል ቃል የለም። ግቢ የዋለውም፣ ሳሎኑ ውስጥ ኮምፒውተር ከፍቶ ያመሸውም የሚቀበሉት ወረቀት አንድ ነው።

ፕሮግራሙን ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የኦንላይኑ አመልካች አማካይ ዕድሜ 34፣ የግቢው ደግሞ 24 መሆኑን አገኙ። የኦንላይኖቹ በአብዛኛው ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። ይህ በር ባይከፈትላቸው ኖሮ ብዙዎቹ ሌላም ቦታ ሄደው አይማሩም ነበር። የኦንላይን ዲግሪን የሚያጣጥል ሁሉ መጀመሪያ ሊያስታውሰው የሚገባው እነዚህን ሰዎች ነው።

ታዲያ ይህ ዲግሪ ለማስተማር ሥራ ያበቃል ወይ? ነገሩ የሚለየው የት ለማስተማር እንደታሰበ ሲታወቅ ነው። በአሜሪካ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክርክሩ ከሞላ ጎደል አብቅቷል። በ1997 እ.ኤ.አ. የ19 ግዛቶች ገዥዎች ተባብረው ያቋቋሙት ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው በኦንላይን ነው፤ በአገሪቱ መምህራንን በብዛት ከሚያስመርቁት ተቋማትም አንዱ ሆኗል። የማስተማር ልምምዱ ግን በስክሪን አይደለም፤ ዕጩው አቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት ገብቶ ተማሪዎች ፊት ይቆማል። ዕውቅና ካለው ተቋም የተገኘ ማስተርስ በብዙ የትምህርት ወረዳዎች የደመወዝ እርከን ያስጨምራል፤ በሁለት ዓመት ኮሌጆችም ለማስተማር ያበቃል። ዋሽንግተንና ዳላስ ውስጥ ቀን እየሠሩ ሌሊት ለሚያጠኑ ኢትዮጵያውያን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዩኒቨርሲቲው ደጅ ግን ሌላ ነው።

በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ የመምህር ቅጥር ማስታወቂያ ያወጡ የአሜሪካ ተቋማት ዶክትሬቱን ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ከሠራ ዕጩ ይልቅ በአካል የተማረውን በእጅጉ አስበልጠው መርጠዋል። ጥናቱ የቆየ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኮሮና መጥቶ ስመ ጥር የሚባሉትን ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ በስክሪን አስተምሯል። ጥርጣሬው ግን ጨርሶ አልጠፋም። ደግሞም ደጁ ለግቢ ተማሪም ቢሆን ጠባብ ነው። ኔቸር መጽሔት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአሜሪካ ከሠለጠኑት የዩኒቨርሲቲ መምህራን 80 በመቶው የአንድ አምስተኛ ያህሉ ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃን ናቸው። በርክሌይ፣ ሃርቫርድ፣ ሚሺጋን፣ ስታንፎርድና ዊስኮንሲን ማዲሰን ብቻቸውን ከስምንት መምህራን አንዱን አፍርተዋል።

ከዚህ ውስጥ ንቀትና የስም አምልኮ የለም ማለት አይቻልም። አለ። ይሁን እንጂ ሊናቅ የማይገባው ምክንያትም አብሮ አለ። ምሁርነት የሚወረሰው ከአማካሪ ነው። ተማሪው ከአማካሪው ጋር መረጃ ይሰበስባል፣ ረቂቁ በቀይ ብዕር ተሰርዞ ይመለስለታል፣ ጉባኤ ላይ ቀርቦ ይሞገታል፣ ማንነቱን በቅርብ የሚያውቅ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍለታል። ኮርስ ብቻ አስወስዶ የሚያስመርቅ ማስተርስ፣ በኦንላይንም ይሁን በአካል፣ ይህን አይሰጥም። ለኩባንያ ሥራ የሚበቃው ያው ዲግሪ ለዶክትሬት ሲቀርብ የሚሳሳው በዚህ ነው፤ ችግሩ ያለው በኢንተርኔቱ ላይ አይደለም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው ነው። ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርቀት ሲያስተምር የኖረው የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተስማምቶ አቃቂ ላይ ማዕከል ከፈተ። በርካታ ኢትዮጵያውያን መምህራን የማስተማር ሥራቸውን ሳይለቁ፣ አማካሪያቸው ፕሪቶሪያ ተቀምጦ፣ ዶክትሬታቸውን በምርምር ሠሩ። ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ያስተምራሉ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ያማክራሉ። ርቀቱ ምሁር ከመሆን አላገዳቸውም፤ ምክንያቱም በርቀትም ቢሆን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ አማካሪና የውጭ ፈታኝ ነበራቸው።

ያም ሆኖ «የርቀት ነው» የሚለው ስም ዛሬም ከሰው ላይ አይወርድም። መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ የርቀት ትምህርትን ለጊዜው ሲያግድ ጥራትን ምክንያት አድርጎ ነበር፤ እገዳው ቢነሳም ጥርጣሬው አብሮት አልተነሳም። ለጥርጣሬው መነሻ የሆኑ፣ ገንዘብ ተቀብለው ወረቀት የሚያድሉ ተቋማት መኖራቸው እርግጥ ነው። ግን በእነርሱ ጥፋት የሚቀጣው አምስትና ስድስት ዓመት ለፍቶ የመጣ ሰው መሆኑ ግፍ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ኦንላይን ፕሮግራም እያስተዋወቀና ክፍያ እየተቀበለ፣ በቅጥር ጊዜ የሌላውን ኦንላይን ምሩቅ ማኅደር ገና ሳይከፍት ወደ ጎን ቢያደርግ ደግሞ ግፉ ይብሳል።

ስለዚህ የቅጥር ኮሚቴ ትምህርቱ የተሰጠበትን መንገድ ከመጠየቁ በፊት የመመረቂያ ጽሑፉን ያንብብ፤ ዕጩውንም ክፍል አስገብቶ ሲያስተምር ይየው። የኦንላይን ድኅረ ምረቃ የሚከፍቱ የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎችም ማስተማርና መመራመር ለሚፈልገው ተማሪ የጽሑፍ አማራጭና በስም የሚታወቅ አማካሪ ሊመድቡለት ይገባል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በበኩሉ የትኛው የውጭ ኦንላይን ዲግሪ አቻ ግምት እንደሚያገኝ፣ የትኛው እንደማያገኝ በግልጽ ዝርዝር ያውጣ፤ ሰዉ ይህን ማወቅ ያለበት ተመርቆ ሰነዱን ይዞ መስኮት ላይ ሲሰለፍ ሳይሆን የመጀመሪያውን ክፍያ ከመላኩ በፊት ነው።